ዋጋው ያልተቀየረበት ሳምንት

ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ፋሲካ እየደረሰ ነበር። የቤት ዕቃ የሚያስመጡ አንድ ደንበኛችን ድረ ገጻቸው ላይ የበዓል ዋጋ እንድናስገባላቸው ጠየቁን። ሥራው ቀላል ነው። የዋጋው ፋይል ይስተካከላል፣ የፋይሎችን ለውጥ በሚመዘግበው ጊት በሚባል ፕሮግራም ፑሽ ይደረጋል (ወደ ጋራው ቦታ ይላካል)። ድረ ገጹ ያለበት ሰርቨር ላይ ያለው ስክሪፕት (በራሱ የሚሄድ የትእዛዞች ዝርዝር) በየጥቂት ደቂቃው ጊት ፑል እያለ አዲሱን ያወርዳል። በቃ።

በማግስቱ ጠዋት ደወሉ። «ልጄ፣ ዋጋው እኮ ያው ነው» አሉ። የቡድን መሪያችን የስክሪፕቱን ሎግ (የሥራ መዝገቡን) ከፈተ። ሌሊቱን ሙሉ «ተሳክቷል፣ ተሳክቷል» ይላል። «ጋሼ፣ እስቲ ገጹን ሪፍሬሽ ያድርጉት» አላቸው። (ይቺ ምክር ስንቴ ጊዜ ገዝታልናለች!) አደረጉት። በስልካቸው ሞከሩ፣ በልጃቸው ስልክም ሞከሩ። ያው ነው።

ስክሪፕቱን በእጅ ስናስኬደው ጉዱ ወጣ። ጊት ገና ሲጀምር ይቆማል። ይህ ማከማቻ (ጊት የሚከታተለው ፎልደር) አስተማማኝ አይደለም፣ ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው ይላል። ስክሪፕቱ ግን ስህተት ሲያጋጥምህ ቁም ስላልተባለ ዝም ብሎ ወደ ታች ይወርድና «ተሳክቷል» ብሎ ይጽፋል። ለዓመታት እንደዚያው ሲጽፍ ኖሯል። የጻፈው ሰው ቢሮውን ከለቀቀ ስለቆየ እዚህ አላነሳውም።

ከዚያ የተለመደው ጥያቄ መጣ፦ ማን ምን ነካ? ሁሉም «እኔ አልነካሁም» አለ። ደግሞም እውነታቸውን ነው። አንዱ ጊት ራሱ ተቀይሮ ይሆን ብሎ ቨርዥኑን አየ። 2.25.1 ነው። ካምናም 2.25.1 ነበር። ስለዚህ ጊት ነጻ ወጣ፣ ዓይን ሁሉ ወደ ሰርቨሩ ኃላፊ ዞረ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሰርቨራችን በሚሠራበት ስርዓተ ክወና፣ በኡቡንቱ 20.04፣ ላይ የደኅንነት ጥገና ሲመጣ በአብዛኛው አዲስ ቨርዥን አይጫንም። ጥገናው ብቻ ተወስዶ አሮጌው ቨርዥን ላይ ይጨመራል። ጊትን ቨርዥንህ ስንት ነው ብትሉት የድሮውን ቁጥር ይነግራችኋል። የሚቀየረው ከኋላ የሚቀጠለው የፓኬጅ ቁጥር ነው። የሰርቨሩ ኃላፊ ብዙ አልተከራከረም። ፕሮግራሞችን የሚጭነውን የአፕትን ታሪክ ከፍቶ አሳየን፦ አውቶማቲክ ዝመናው ሌሊት ጊትን ቀይሮታል። ከዚያ የለውጥ መዝገቡን ከፈተልን። ሁሉም ነገር እዚያ ተጽፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊት አንድ ፎልደር ውስጥ ሲነሳ ዶት ጊት የሚባለውን ስውር ፎልደር ይፈልጋል። ካጣው አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። እዚያም ካጣ ደግሞ ወደ ላይ። ባገኘበት ቦታ ያለውን ኮንፊግ (የቅንብር ፋይል) ያነባል። ኮንፊግ ውስጥ ደግሞ ጊት የሚያስኬዳቸው ትእዛዞች ሊኖሩ ይችላሉ። እንግዲህ ብዙ ሰው በሚጋራው የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ አንዱ ሲ ድራይቭ ሥር የራሱን ዶት ጊት ቢያስቀምጥስ? ሌላው ሰው ምን እንደተቀየረ ለማየት ጊት ስታተስ ባለ ቁጥር የዚያን ሰው ትእዛዝ በራሱ ስም ያስኬድለታል። ክፍተቱ በደኅንነት ክፍተቶች መዝገብ ሲቪኢ-2022-24765 ተባለ። ኤፕሪል 12 ቀን 2022 የወጣው ጊት 2.35.2 መፍትሔ አበጀለት፦ ፎልደሩ በስምህ ካልሆነ አልሠራም ይላል። የምታምነው ፎልደር ካለ ደግሞ ሴፍ ዳይሬክተሪ በሚባል መስመር ራስህ ትፈቅዳለህ።

ይህን እያነበብን ሳለ አንዱ ባልደረባችን ጊት ራሱ የጠቆመውን ትእዛዝ ገልብጦ አስኬደ። በእጁ ሲሞክር ሠራ። ጭብጨባ! ስክሪፕቱ ግን አሁንም እንቢ። ፈቃዱ የገባው በእሱ አካውንት ኮንፊግ ውስጥ ነው፣ ስክሪፕቱ የሚሄደው ግን ሁሉን ማድረግ በሚችለው አካውንት፣ በሩት ነው። ሌላው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን «ሁሉንም ፍቀድ» የምትል የኮከብ ምልክት አመጣ። እሷም አልሠራችም። ኮከቧ የመጣችው ከቀናት በኋላ በወጣው 2.35.3 ነው፣ እኛ ሰርቨር ላይ ያለው የመጀመሪያው ጥገና አያውቃትም። በነገራችን ላይ 2.35.3 ሌላም ነገር አርሟል። የመጀመሪያው ጥገና የኮንፊግ መስመሩን ስም ሳያይ ከስሙ ቀጥሎ የተጻፈውን ብቻ ያይ ነበር። በየትኛውም የኮንፊግ መስመር ላይ የፎልደሩ አድራሻ ከተጻፈ፣ ተፈቅዷል ብሎ ያልፍ ነበር። ጥገናውም ጥገና አስፈለገው።

በመጨረሻ የሰርቨሩ ኃላፊ ያንን አንድ ፎልደር ብቻ በሩት ኮንፊግ ፈቀደ። ከምሳ በፊት የበዓሉ ዋጋ ወጣ። ደንበኛው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ዘጉ። ለእኛ ሥራው አልቋል።

ለሰርቨሩ ኃላፊ ግን አላለቀም። «ቆይ፣ ይሄ ፎልደር የማን ነው?» አለ። ስናየው በአንድ የድሮ ባልደረባችን ስም ነው። መጀመሪያ ክሎን ያደረገው (ማከማቻውን ወደ ሰርቨሩ የቀዳው) እሱ ነበር። አሁን ውጭ አገር ነው። አካውንቱን የዘጋው የለም፣ የመግቢያ ቁልፉም አሁንም ይሠራል።

«ልጁ ኮንፊጉ ላይ አንዲት መስመር ቢጨምር፣ እኛ በሩት ሥልጣን እናስኬድለት ነበር» አለ።

«እሱ እንደዚያ የሚያደርግ ልጅ አይደለም» አለ የቡድን መሪው።

«አውቃለሁ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ላፕቶፑ ቢሰረቅስ?»

የቡድን መሪው ከበዓል በኋላ ይደርሳል ባይ ነበር። እኔ በልቤ ከሰርቨሩ ኃላፊ ጋር ነበርኩ። እኛ ቢሮ «ከበዓል በኋላ» የተባለ ነገር ሲሠራ አላየሁም። ለማንኛውም ማንንም አልጠበቀም። ለዲፕሎይ (አዲሱን ድረ ገጹ ላይ ለማውጣት) ብቻ የሚሆን አካውንት ከፈተ፣ ፋይሎቹን ወደዚያ ስም አዛወረ፣ ስክሪፕቱን ከሩት አወረደው። የድሮውን አካውንት ዘጋ። ጠዋት የፈቀደውንም መስመር አጠፋ፣ አሁን ፎልደሩና አስኬጁ አንድ ስለሆኑ አያስፈልግም። ስክሪፕቱም ስህተት ሲያይ እንዲቆም ተደረገ። እኔ ከሁሉም የምወድለት ይቺን የመጨረሻዋን ነው። ጁላይ ላይ በ2.37.1 ቁጥጥሩ ጠብቆ የዶት ጊት ፎልደሩን ባለቤትም ማየት ሲጀምር፣ እኛ ጋ ማንም ልብ አላለውም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ሜይ 14 ቀን 2024 ጊት 2.45.1 ወጣ። ይህኛውም የደኅንነት ጥገና ነው። ክሎን በማድረግ ብቻ የሌላ ሰው ኮድ ኮምፒውተር ላይ የሚሄድበትን ክፍተት ዘጋ። ለጥንቃቄ ተብሎ ግን ክሎን እየተደረገ ሁክ (ጊት በራሱ የሚያስኬደው ትንሽ ስክሪፕት) ከተገኘ ጊት እንዲቆም ተደረገ። ችግሩ፣ ትልልቅ ፋይሎችን የምንይዝበት ጊት ኤልኤፍኤስ ክሎን ሲደረግ የራሱን ሁክ ያስቀምጣል። ዲዛይነሮቻችን ምንም ማውረድ አቃታቸው።

የሰርቨሩ ኃላፊ ከአዲሱ ቨርዥን ጋር የወጣውን ማስታወሻ አነበበ። ስህተቱንም አየ። ከዚያ ለዚያች አንዲት ክሎን ብቻ ጥበቃውን አጥፍቶ አወረደላቸው። የቡድን መሪው ተገረመ።

«ያኔ ፈቃዱን በግማሽ ቀን አላጠፋኸውም? አሁን እንዴት እሺ አልክ?»

«ያኔ ፎልደሩ የኛ አልነበረም። ይሄ ሁክ ማን እንዳስቀመጠው አውቃለሁ።»

ሜይ 31 ላይ 2.45.2 ወጣ። የጊት ሰዎች ያንን ተጨማሪ ጥንቃቄ መልሰው አነሱት፣ ዋናውን ጥገና ተዉት። ዲዛይነሮቹም በዚያው ቀን አዘመኑ።