በሩ አልዘጋ ያለው የ1965 ማስታንግ

ማስታወቂያው «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» ይላል። መኪናው በፈረንጆች የ1965 ሞዴል ፎርድ ማስታንግ ነው፤ ቀይ፣ ጣሪያው የሚታጠፍ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር 289 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ያለው። ገዢው ብር ከማውጣቱ በፊት ሊያስመረምረው ቨርጂኒያ ውስጥ ሐበሾች ወደሚሠሩበት አንድ ጋራዥ አስመጣው፤ ሻጩም አብሮ መጣ። ምርመራው ሳያልቅ የሹፌሩ በር አልዘጋ አለ፣ ከበሩ ኋላ ያለው ላሜራ ቀለሙ ተላጠ፣ ሻጩም «ደህና መኪና አምጥቼ ሰበራችሁብኝ» ብሎ ጋራዡን አንድ አደረገው።

አጀማመሩ እንኳ ደህና ነበር። መጀመሪያ ኮፈኑ ተከፍቶ ቁጥሩ ተነበበ። የዚያ ዘመን ማስታንግ ቁጥሩ የሚመታው በሹፌሩ በኩል፣ ሞተሩ ክፍል ውስጥ፣ ከፓራፋንጎው ሥር ባለው የውስጥ ላሜራ ላይ ነው። እዚህኛው በ5ኤፍ08ሲ ይጀምራል። 5 ዓመቱ፣ ኤፍ የዲርቦርን ፋብሪካ፣ 08 ኮንቨርቲብል (ጣሪያው የሚታጠፈው)፣ ሲ ደግሞ ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡራተር ያለው 200 ፈረስ ጉልበት 289 ሞተር ማለት ነው። 07 ቢል ኖሮ ጣሪያው ድፍን የሆነው፣ 09 ቢል ጣሪያው ወደ ኋላ ተዳፍቶ የሚወርደው ፋስትባኩ ነው። የ07ን ጣሪያ ቆርጦ «ኮንቨርቲብል» ብሎ የሚሸጥ ስለማይጠፋ ይቺ 08 ብዙ ነገር ትናገራለች። በሩ ላይ የተለጠፈችው ሰሌዳም 76ኤ ትላለች፤ የኮንቨርቲብል ምልክት ስለሆነ ትክክል ነው። ነገር ግን ሰሌዳዋ እንደ አዲስ ተሠርታ ስለምትሸጥ ማስረጃ የሚሆነው ላሜራው ላይ የተመታው ቁጥር ነው። እሱም ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር ገጠመ።

ከዚያ የቀለም ውፍረት ተለካ። ኮፈኑና የፊቱ ላሜራ 200 ማይክሮን አካባቢ ያሳያሉ። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ስለሆነ እንደገና የተቀባ ነው፤ ይሄ አያስከፋም። ከሹፌሩ በር ኋላ ታችኛው ጥግ ላይ ግን መለኪያው ከ1000 አለፈ። ማግኔት ሲያስጠጉበት ይወድቃል። ስቱኮ ነው፤ የላሜራ ጉድለት የሚሞላበት ልጥፍ። ስቱኮ ያልነካው የስድሳ ዓመት መኪና ማግኘት ከባድ ነው፤ ጥያቄው የት ቦታ ላይ ነው የሚለው ነው። የሚመረምረው የጋራዡ ረዳት ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈና አለፈ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረበት።

ያለፈው ሌላም ነገር አለ። በሩ ካልተወረወረ አይዘጋም ነበር። ሻጩ «ጎማው አዲስ ስለሆነ ነው» አለ። አዲስ የበር ጎማ በእርግጥ ያስቸግራል፤ እስኪላመድ ድረስ በሩን ወደ ውጭ ይገፋል። ነገር ግን ጎማ በሩን ወደ ውጭ ይገፋዋል እንጂ በበሩና በኋላው ላሜራ መካከል ያለውን ክፍተት አያጣምመውም። ያን ክፍተት ከላይም ከታችም ለክቶ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በኋላ ሲለካ ከላይ 2 ሚሊሜትር፣ ከታች 7 ሆኖ ተገኘ። ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ክፍተት መኪናው ወገቡ ላይ መርገቡን ነው የሚናገረው።

መኪናው ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት ላይ ወጣ። ክንዶቹ ከቦዲው ሥር ነው የገቡት፤ ጎማዎቹ ተንጠልጥለዋል፣ የሞተሩ ክብደት ወደ ፊት ተንጠራርቷል። ረዳቱ መኪናውን ከሰው ወገብ በታች በሆነ ከፍታ ላይ አቁሞ ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን ለማየት ሁለቱንም በሮች ከፈተ። ከሥር አንድ የመሰንጠቅ ድምፅ ተሰማ። ዝገት የተላቀቀ መስሎት መኪናውን በሮቹ እንደተከፈቱ አወረደው። የሹፌሩን በር ሊዘጋ ሲል የበሩ የኋላ ላይኛው ጫፍ ላሜራውን መታ። በዳሌው ገፋ አደረገው።

«ጋሼ፣ በሩ አልገጥም አለኝ» አለ ለጋራዡ ባለቤት።

«አትግፋው! ተወው፣ እንዳትነካው!»

ቀለሙ ግን ተነሥቷል።

ማስታንግ ለብቻው ሻንሲ የለውም፤ ቦዲው ራሱ ነው ሸክሙን የሚሸከመው። ድፍን ጣሪያ ባለው መኪና ላይ ጣሪያው መኪናውን ከላይ ወጥሮ ይይዘዋል። ኮንቨርቲብሉ ይህ የለውም። ስለዚህ ፎርድ ያንን ሥራ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ በበሩ ሥር ለሚዘረጋው ባዶ የላሜራ ሳጥን፣ ለሮከሩ፣ ሰጠው። የኮንቨርቲብሉ የውስጥ ሮከር ከድፍኑ መኪና የወፈረ ነው፤ ከመቀመጫው ሥር ተጨማሪ ማጠንከሪያ ላሜራ አለው፤ ሮከሩን ሞተሩን ከሚሸከመው የፊት ቁመታዊ ብረት ጋር የሚያያይዝ ቶርክ ቦክስ የሚባል የላሜራ ሳጥንም አለው። እነዚህ ከዛጉ መኪናው መሐሉ ላይ ይጎብጣል። የተዘጋ በር ደግሞ በማጠፊያውና በቁልፉ መካከል እንደ ድጋፍ ሆኖ ጥቂት ይይዛል። በሩ ሲከፈት ያም ድጋፍ ሄደ።

ምንጣፉ ሲነሣ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። አሮጌው የውጭ ሮከር ሳይወጣ አዲስ ላሜራ ከላዩ ተደርቦ ተበይዷል፤ መሐላቸው የዛገ ፍርፋሪ ነው። የውስጡ ሮከር ተቀይሯል፣ ግን የተገባለት የድፍኑ መኪና ቀጭኑ ነው፤ ዋጋው ስለሚረክስ ይመስላል። ወለሉ ላይ ያለው ጥፍጥፍ በሪቬትና በማጣበቂያ ነው የተያዘው። የተሰማው ድምፅ የእሱ መላቀቅ ነበር። ከሥር ደግሞ ጥቁር ወፍራም ቅባት ተለቅልቆ የሮከሩን ውሃ ማውጫ ቀዳዳዎች ሳይቀር ደፍኗል። በዚህ ሁሉ ላይ የበሩ ማጠፊያ ከፍ ተደርጎ ታስሮ ክፍተቱ ከሩቅ ሲታይ ደህና እንዲመስል ተደርጓል። ይሄኛው ሳያውቁ የሚሠሩት ነገር አይደለም።

ውሃው ከየት ነው የገባው? ከፊት መስታወቱ ሥር ካለው የአየር ማስገቢያ። ከሁለት ላሜራ የተጣበቀ ሳጥን ነው፤ ቅጠል ይጠራቀምበታል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ከውስጥ ይዝጋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ምንጣፉን ገልጦ፣ አንዱ በላስቲክ ቱቦ በቀስታ ውሃ ያፈስበታል፣ ሌላው ከዳሽቦርዱ ሥር ተኝቶ በባትሪ ያያል። በሁለቱም በኩል ተንጠባጠበ። ይህ ሳይሠራ ወለል መቀየር ብር መጣል ነው።

ሻጩና የጋራዡ ባለቤት የተጨቃጨቁት በቀለሙ ነው። ባለቤቱ ነገሩን ለሁለት ከፈለው፤ ሚዛናዊ ፍርድ ነበር። ኮንቨርቲብልን በሩን ከፍቶ ሊፍት ላይ ማቆም የጋራዡ ጥፋት ነው፤ ስለዚህ የተላጠውን ቀለም ጋራዡ አሠራ። ሮከሩ ግን ሲመጣም የተበላ ነበር፤ ፎቶውና የክፍተቱ ልክ ከዘገባው ጋር ለገዢውም ለሻጩም ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ጣሪያው የሚታጠፍ መኪና ሲመጣ የሁለቱም በሮች ክፍተት በአራት ቦታ ሳይለካና ፎቶ ሳይነሣ ሊፍት አይነካም፤ በሮቹ ተዘግተው ነው የሚወጣው። ወለሉን ለማየት መኪናው ባለ አራት ምሰሶ ሊፍት ላይ በጎማው እንደቆመ ይሆናል።

ገዢው «ይሠራል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ይሠራል፣ ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ። ክብደቱ አክሱሎቹ ላይ እንዳረፈ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል። ማጠፊያው ወደ ቦታው ይመለስና ወገቡ በክሪክ በቀስታ ይነሣል፤ ክፍተቱ ከላይም ከታችም 5 ሚሊሜትር አካባቢ እስኪሆን ድረስ ማለት ነው። ክሪኩ ከሮከሩ ሥር በቀጥታ አይገባም፣ ወፍራም ጣውላ ይደረግበታል። ከዚያ 25 ሚሊሜትር አራት ማዕዘን ቱቦ ከማጠፊያው ምሰሶ እስከ ቁልፉ ምሰሶ ይበየዳል፤ ከግራ ወደ ቀኝም አንድ ይዘረጋል። ይህ ሳይሆን መጋዝ የሚያነሣ ባትላሜራ ጠማማ መኪና ጠማማ እንደሆነ ነው የሚበይደው፤ ከዚያ በኋላ ማቃናት የለም።

የሚቆረጠው በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ነው። የፋብሪካው ነጥብ ብየዳዎች በ8 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ይለቀቃሉ፣ መገጣጠሚያው ዚንክ ያለው ቀለም ይቀባል፣ አዲሱ የኮንቨርቲብል ሮከር ይገባል፣ ቀዳዳዎቹ በብየዳ ይሞላሉ። ብየዳው ከዳር ጀምሮ በተርታ አይሄድም፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ እየተባለ ነው፣ አለዚያ ሙቀቱ ላሜራውን ያጣምመዋል። ሳጥኑ ውስጥ የዝገት መከላከያ ሰም ይረጫል፣ የውሃ ቀዳዳዎቹ ክፍት ይቀራሉ። ቱቦዎቹ ከመቆረጣቸው በፊት በሩ ተዘግቶ ይታያል።

ሌላው ሁሉ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። የጣሪያው ፓምፕ ይሠራል፤ ብቻ ዘይቱ ሲጎድል ምን እንደተሞላ ሳያውቁ መጨመር አይገባም፤ የፍሬን ዘይትና የካምቢዮ ዘይት ከተቀላቀሉ የፓምፑን ማሸጊያ ጎማዎች ያበላሻሉ። የኋላው የፕላስቲክ መስኮት ጣሪያው ከመታጠፉ በፊት ዚፑ ይከፈታል። ፍሬኑ ግን ያሳስባል፦ የ1965ቱ ዋና ሲሊንደር ባለ አንድ ክፍል ነው፣ አንድ ቱቦ ቢያፈስ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ፎርድ ማስታንግ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ያስገባው በ1967 ነው። ወደዚያ መቀየር ቀላል ሥራ ስለሆነ ዘገባው ላይ ከሮከሩ ቀጥሎ ተጻፈ።

ገዢው የዚያን ቀን አልገዛም። ሻጩ የሮከሩ ሥራ ከዋጋው እንዲቀነስ አልተስማማም፤ መኪናውን በፍላትቤድ ጭኖ ወሰደ። ዘገባውን ግን ሳይረሳ ይዞ ነው የሄደው።