ውዝዋዜ ቡድን የገባሁት በከበሮ በኩል ነው

የኮሌጅ ውዝዋዜ ቡድን መግባት የሚፈልጉ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ጎበዝ ጨፋሪ መሆን አለብኝ ወይ?» ብለው ነው። እኔ አልነበርኩም። ሰርግ ላይ ሰው መሀል ገብቼ ትከሻዬን ከመነቅነቅ ያለፈ አላውቅም ነበር። ያስገባኝ ከበሮ ነው።

ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። አጎቴ መውሊድ በመጣ ቁጥር ድቤ፣ የመንዙማውን ከበሮ፣ ይመታል። ልጅ ሆኜ ከጎኑ እቀመጣለሁ፣ እጁ ሲዝል ለእኔ ያቀብለኛል። መንዙማ ላይ ድቤ የሚመታ ሰው አይቸኩልም። ጀማው እየሞቀ ሲሄድ ምቱ ይፈጥናል፤ የሚያፈጥነው ግን ሰዉ ነው፣ መቺው ተከትሎ ይይዛል። አጎቴ ይህን በቃል አስረድቶኝ አያውቅም። ከቸኮልኩ ጉልበቴን ቸብ ያደርገኛል፣ በቃ።

ደሴ ኮሌጅ ስገባ የባህል ቡድኑ አዲስ አባል እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ስሜን ከመስጠቴ በፊት «ልምምዳችሁን ቁጭ ብዬ ልይ?» አልኳቸው። ይህን ለማንም ሰው እመክራለሁ። ማጣሪያ ቀን ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ይዞ ይመጣል፣ አብዛኛው ከስልክ ያየውን። አስቀድሞ ያየ ሰው ግን ቡድኑ ምን እንደጎደለው ያውቃል።

እኔ ያየሁት ተወዛዋዥ ሞልቶ ነው። የሴቶቹ አንገት ብቻ ጉድ ያሰኛል። ግን የሚለማመዱት በስፒከር ነበር። ቻርጅ ሲያልቅ ወይ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ወገቡን ይዞ ይቆማል። ጥግ ላይ አንድ ከበሮ ተደፍቶ ጃኬት ተከምሮበታል። አሰልጣኙ ሲኒየር ተማሪ ነው። «ይሄ አይመታም እንዴ?» አልኩት። «መቺው ተመረቀ» አለኝ።

ስመታው ድምፁ የረጠበ ካርቶን ነው። የደሴን ብርድና ጉም የሚያውቅ ይገባዋል፤ የከበሮ ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይረግባል። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ አውጥቼ ፀሐይ አሞቅሁት። ቆዳው ሲወጠር ድምፁም ተመለሰ። ማጣሪያዬ ይኸው ሆነ ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ሰሞን ሥራዬ መምታት ብቻ ነበር። ውዝዋዜ የተማርኩት እዚያው ከከበሮው ኋላ ተቀምጬ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ፊት ለፊቴ ነው። ማን ከምቱ እንደሚቀድም፣ ማን እንደሚዘገይ፣ ማን ጎረቤቱን እያየ እንደሚኮርጅ ከዚያ በላይ የሚታይበት ቦታ የለም።

እስክስታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄድበት ምት ሙዚቀኞች ችክችካ የሚሉት ነው። ስድስት ትናንሽ ምቶች ሦስት ሦስት ሆነው ሁለት ትልልቅ ምት ይሰጣሉ። አሰልጣኙ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ እስከ ስምንት የሚቆጥረው ትልልቁን ነው። አዲስ ልጅ ትከሻውንም በዚያው ቁጥር ሊያስኬደው ይሞክራል፣ ከዚያ እንጨት ይሆናል። እኔ እንደገባኝ እግር ትልቁን ምት ይረግጣል፣ ትከሻ ደግሞ በመሀል ያሉትን ትናንሾቹን ይለቅማል። እጄ ይህን ያውቀው ነበር። ትከሻዬ እስኪሰማው ግን ጊዜ ወሰደ። አንድ ቀን አሰልጣኙ «አንተ፣ ቁጭ ብለህ እየጨፈርክ ነው፤ ተነስና ሰልፍ ግባ» አለኝ።

ሰልፍ ውስጥ ስገባ የመጀመሪያው ችግር ትንፋሽ ነበር። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ወጥተህ ወዲያው ጎጃምኛ ስትመታ ደረትህ ይነግርሃል። መፍትሔው አፍን ከፍቶ ማለክለክ ሳይሆን እስክስታውን ከትንፋሽ ጋር ማስማማት ነው። ትንፋሹን አምቆ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ሁለተኛው ዙር ላይ ፊቱ ይቀላል። ሰውነት ሳያሟሙቁ አንገት መጀመር ደግሞ በዚያ ብርድ ለሳምንት መቀጣት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጎበዝ ልጅ ነው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ አለው። የእኛው ሲጨፍር ዓይን ከሌላው ላይ ይነሳል፣ እውነት ነው። ግን እጁ ከሁላችንም በላይ ይወጣል፣ እግሩ ከሁላችንም ይርቃል፣ ሰልፉም ይጎብጣል። አሰልጣኙ አልተቆጣውም። መሀል ላይ አጭር ብቸኛ ቦታ ሰጠውና «ከዚህ ውጭ ከጎንህ ካለችው ልጅ ክንድ በላይ እንዳትወጣ» አለው። የሁላችንም ልክ ከዚያ በኋላ የጎን ሰው ክንድ ሆነ። ከመስታወት ይሻላል፤ መስታወትማ አዳራሹም አልነበረውም።

ብዙ የተከራከርነው በራሳችን በወሎ ጭፈራ ላይ ነው። ጉራጊኛውን፣ ወላይትኛውን፣ ትግርኛውን ቪዲዮ እያየን በላብ ስንማር ወሎን «እናውቀዋለን» ብለን መጨረሻ ላይ አስቀመጥነው። ራያ ቆቦ ያደገች አንዲት ልጅ ልምምዱን አይታ ሳቀች። «ይሄ የማን ወሎ ነው?» አለች። ልክ ነበረች። የራያው ጨዋታ መሬት መምታትና መዝለል አለው፣ እሷም በየነሐሴው ሶለል የሚባለውን የልጃገረዶች ጨዋታ ስትጫወት ያደገች ናት። የከሚሴው የኦሮሞ ጭፈራ ሌላ አካል ይጠይቃል። በአምባሰል ቅኝት የሚሄደው ደግሞ ዝግ ያለ ነው፤ አንገትና ዓይን እንጂ ጉልበት አይፈልግም። እኛ ሁሉንም ጨፍልቀን አንድ ፈጣን እስክስታ አድርገነው ነበር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቁራጭ ያደገበት ልጅ እንዲያስተምር ተስማማን። ፀባችን ባይቀንስም ጭፈራው ተሻሻለ።

ስለ ልብስ ማንም አስቀድሞ አይነግርህምና እኔ ልንገርህ። በአንድ ዝግጅት ላይ አራት አምስት ብሔረሰብ ከተጨፈረ በየመሀሉ ልብስ መቀየር አለ። አስተዋዋቂው ሁለት ቀልድ እስኪጨርስ ነው ጊዜው። ስለዚህ ቁምጣው ከሱሪው ስር አስቀድሞ ይለበሳል። መርፌ ቁልፍ ካለህ ከመቀነት የበለጠ ታምነዋለህ። ኮንጎ ጫማ ቁጥሩ ልክ ካልሆነ መድረክ ላይ ወልቆ ይቀራል፣ ስለዚህ በልምምድም ልበሰው። ሴቶቹ ሹሩባ የሚሠሩት ከዝግጅቱ አንድ ቀን ቀደም ብለው ነው፤ በዕለቱ ከተሠራ ራስ እያመመ አንገት አይታዘዝም ይላሉ።

ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ ነበር። እናቴ «ለዚህ ነው እንዴ ሐረጎን በየቀኑ የምትወጣው?» አለች። አልተከራከርኳትም። የማታው ልምምድ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፣ ከማን ጋር እንደምመለስ ነገርኳት። ዋናው ጭንቀቷ እሱ ነበር። እውነትም ከመሸ በኋላ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ማግኘት ፈተና ነው። የኮምቦልቻ ልጆች ተነጋግረን ልምምዱ ግማሽ ሰዓት ቀደም እንዲል ጠየቅን፣ ተፈቀደልን። ባንጠይቅ ማንም አያስብልንም ነበር። አጎቴ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፤ «ከበሮህን ምታ፣ አብሽር። ድቤውን ግን ዘፈን ቤት እንዳታስገባው።» ቃሌን ሰጥቼዋለሁ።

ገንዘብ አትጠብቅ። ከግቢ ውጭ ስንጠራ የትራንስፖርትና የምሳ ይሰጡናል፣ አንዳንዱ እሱንም ይረሳል። አሁን ሰብሳቢያችን ከመሄዳችን በፊት ምን እንደሚከፈል ጠይቃ በጽሑፍ ትይዛለች። ከሚተርፈው ለቆዳ መቀየሪያ እናስቀምጣለን፤ በነገራችን ላይ ስፒከር ይገዛ የሚለው ወገን እስካሁን አልተሸነፈም።

«ውጤት አይቀንስም ወይ?» ለሚለው፣ እንደ ቡድኑ ነው። የእኛው ፋይናል ሲቃረብ ልምምድ ያቆማል፣ ትልቅ ሥራ የሚበዛበት ግን ኅዳር አካባቢ ነው፤ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን 29 ላይ ስለሚውል። የሚድ ፈተና ከዚያ ጋር የሚገጥምበት ዲፓርትመንት ካለህ ስትመዘገብ ንገራቸውና ለዚያ ዝግጅት ተተኪ ውስጥ ያስገቡህ። ተተኪም ቢሆን ልምምድ አይቀርም።