ኤዶና ውሉ፦ ከሚኒያፖሊስ ወደ ጅግጅጋ የሄደ ገንዘብ

ሚኒያፖሊስ ውስጥ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲቃረብ የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ወሬ ሁሉ ስለ ትኬት ይሆናል። ካርሜል የገበያ አዳራሽ ሻንጣ በሚገዙ እናቶች ይሞላል። አንዱ ቤተሰብ ሐርጌሳ፣ ሌላው ናይሮቢ፣ ሌላው ጅግጅጋ ይሄዳል። የጅግጅጋዎቹ በግልጽ መነጋገር የጀመሩት ግን ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት እዚህ ሰላማዊ ሰልፍ የወጣ ሰው እዚያ ያለ ወንድሙ ሊታሰርበት ይችል ነበር፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ስልክ ሲደውሉ እንኳን ከሰላምታና ከዝናብ ወሬ አያልፉም ነበር። በነሐሴ 2010 የሶማሌ ክልል አመራር ተለወጠ፤ በዚያው ሰሞን «ጄል ኦጋዴን» የሚባለው እስር ቤት ተዘጋ፤ በጥቅምት 2011 ደግሞ የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃነት ግንባር (ኦብነግ) ከመንግሥት ጋር አስመራ ላይ ተስማማ። በቀጣዩ ክረምት ጎረቤቶቼ ሻንጣቸውን በአደባባይ ሲያዘጋጁ ሳይ እኔም እንደ እነሱ ደስ ብሎኝ ነበር።

እኔ ሶማሌ አይደለሁም፤ የጅግጅጋ ልጅ ነኝ። አባቴ እዚያ መምህር ነበር። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ስንወጣ ሶማሊኛ እያወራን ነው ያደግነው። ታሪኳን የምጽፈው ጓደኛዬ ደግሞ እዚህ አሜሪካ ያገኘኋት የአንድ ከተማ ሰው ናት። የሁለታችን ቤተሰቦች ጅግጅጋን የለቀቁት በአንድ ዓመት ነው። ከተማዋ በሶማሊያ ጦር በተያዘችበት በመስከረም 1970 የእኔዎቹ ወደ ሐረር ሸሹ፤ የኢትዮጵያ ጦር መልሶ በያዛት በየካቲት የእሷዎቹ ወደ ሐርጌሳ ሸሹ። የእኔ ወላጆች ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። የእሷ ግን ሐርጌሳ አጠገብ በስደተኞች ጣቢያ ቀሩ፤ እሷም እዚያ ተወለደች። በ1980 ሐርጌሳ ራሷ የጦርነት ሜዳ ስትሆን ሕዝቡ ድንበሩን መልሶ ተሻገረ። ጅግጅጋ አቅራቢያ ያለችው ሐርቲ ሼክ በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ የስደተኞች ጣቢያዎች አንዷ የሆነችው ያን ጊዜ ነው። ጓደኛዬ በልጅነቷ በራሷ አገር ስደተኛ ሆና ኖራለች ማለት ነው።

አብረን ስንሄድ በድሬዳዋና በሐረር በኩል በመኪና እንግባ ያለችው እሷ ናት። ወደ ጅግጅጋ አውሮፕላን ቢኖርም መንገዱን ማየት ፈለገች። ባቢሌን አልፈን፣ የዳካታን የተደራረቡ ድንጋዮች አልፈን ካራማራ ላይ ስንደርስ ሹፌሩን አስቆመችውና ወረደች። «አባዮ (እህቴ)፣ የእናንተ ሰዎች በዚህ ወጡ፤ የእኛ በዚያ ወረዱ» አለችኝ፣ በእጇ ሁለቱን አቅጣጫ እያሳየችኝ። ካራማራ ለብዙ ኢትዮጵያዊ የድል ስም ነው፤ ለእኔም ነው። ከእሷ ጋር ቆሜ ሳየው ግን ከዚያ ተራራ ወዲያና ወዲህ የተበተኑት ሁሉ የአንድ ከተማ ሰዎች እንደነበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ገባኝ።

ጅግጅጋ በጣም ተለውጣለች። ከውጭ የመጣ ገንዘብ የሠራቸው ሆቴሎች፣ ክሊኒኮችና የግል ትምህርት ቤቶች በየመንገዱ አሉ፤ እነዚህን ያቋቋሙትን ከልብ አደንቃለሁ። ያሳዘነኝ ሌላው ነው። በየሰፈሩ ዓመቱን ሙሉ የተቆለፉ ባለ ፎቅ መኖሪያ ቤቶች፣ በቆርቆሮ ታጥረው የቀሩ ባዶ መሬቶች። ባለቤቶቻቸው ሚኒሶታ፣ ለንደን ወይም ቶሮንቶ ሌሊት እየሠሩ የላኩት ገንዘብ ነው። አንዳንዱ ቤት የተሠራው በአጎት ልጅ ስም ነው። አጎቱ በሕይወት እስካለ ድረስ ነገሩ ሰላም ነው፤ ሲሞት ግን የቤቱን ነገር የሚያውቅ ይጠፋል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሁለት ቤተሰብ ይኳረፋል። ይህን በቅርብ የምናውቃቸው ሰዎች ላይ ሲደርስ አይተናል።

የጓደኛዬ የአባቷ እህት፣ በሶማሊኛ ኤዶ (አክስት) የምንላቸው፣ የግመል ወተት ነጋዴ ናቸው። ሐርቲ ሼክ ሳሉ በጥቂት ሊትር የጀመሩትን ንግድ እስከ ዛሬ አላቋረጡም። ወተቱ ከጉርሱምና ከባቢሌ አካባቢ ከአርብቶ አደሮቹ ይሰበሰብና በማለዳ በመኪና ይደርሳል። ኤዶ ዱካ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ጀሪካን ይከፍታሉ፤ መጀመሪያ ያሸታሉ፣ ከዚያ በክዳኑ ትንሽ ቀድተው ይቀምሳሉ። ጭሱን በደንብ ያላገኘ ጀሪካን ወዲያው ይታወቃቸዋል። ወተቱ እንዳይበላሽ፣ ጣዕምም እንዲኖረው ዕቃው በእንጨት ጭስ መታጠን አለበት፤ ያልታጠነውን ለብቻው ያስቀምጡና የላከችውን ሴት በስልክ ይጠይቃሉ። በየጀሪካኑ እጀታ ላይ የታሰረው ቁራጭ ጨርቅ የማን ወተት እንደሆነ ይናገራል። ቀዩ የአንዷ፣ አረንጓዴው የሌላዋ ነው፤ ሒሳቡ ሁሉ በኤዶ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ከተማው የሚጠጣው ይሸጥና ቀሪው በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሐርጌሳ ያልፋል። መኪና ከዘገየ ወይም ፀሐይ ከበረታ ግን ድካሙ ሁሉ ይፈሳል። የግመል ወተት ከላም ወተት ይልቅ ሙቀት ይችላል፤ የጅግጅጋ ሜዳ የቀትር ፀሐይ ግን እሱንም ያሸንፈዋል።

ጓደኛዬ ገንዘቧን ያጠራቀመችው ከሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ሴቶች ጋር በሚጥሉት ሐግባድ፣ ማለትም በእቁባቸው ነው። የባንክ ወለድ በሃይማኖቷ ስለማይፈቀድ ብድር አስባ አታውቅም። መሬት ልግዛ ወይስ ምን ላድርግ እያለች ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ፣ ያን ዕለት ጠዋት ዱካ ላይ ከተቀመጡት አክስቷ አጠገብ ቆማ ካየች በኋላ ሐሳቧ ቆረጠ። ማቀዝቀዣ ክፍል፣ ጄኔሬተርና ለመታጠብ የሚመች የብረት ዕቃ ታስገባለች፤ ኤዶ ንግዱን ይመራሉ፤ ትርፉንም ኪሳራውንም ይካፈላሉ።

ኤዶ በደስታ እሺ አሉ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን ሲባሉ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ከሐርጌሳ እስከ ሐርቲ ሼክ በጀርባዬ አዝዬሽ ነው የመጣሁት። ዛሬ ልታስፈርሚኝ ነው?» አሏት። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ ዝም አልን። ጓደኛዬ ተነሥታ እግራቸው ሥር ተቀመጠችና «ኤዶ፣ እኔ አልረሳሁም። ልጄ ግን በማን ጀርባ እንደመጣሁ አታውቅም» አለቻቸው።

እኔ ከሁሉም በላይ እንዲሰማ የምፈልገው ይህን ነገር ነው። በሶማሌ ዘንድ የዘመድ ቃል ከባድ ነው። ሐዋላ ራሱ የሚሠራው በዚህ እምነት ነው፤ ሚኒያፖሊስ የተሰጠ ዶላር ጅግጅጋ የሚከፈለው በሰው ስምና በጎሳ ክብር ዋስትና ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ እዚህ ሚኒሶታ ውስጥ የሐዋላ ቤቶችን ሒሳብ ይዞ የነበረ ባንክ በሩን ሲዘጋባቸው ሰዉ እንዴት እንደተጨነቀ አስታውሳለሁ፤ ያም ሆኖ እርስ በርስ የነበረው መተማመን አልተናጋም። ሆኖም ይህ እምነት የቆመው በሚተዋወቁ ሰዎች ላይ ነው። ሚኒያፖሊስ የተወለደችው ልጅ የትኛው ሽማግሌ የማን አጎት እንደሆነ አታውቅም። ኤዶ ሲያልፉ፣ እናቷ ሲደክማት፣ በእጇ የሚቀር ነገር ከሌለ ያ ሁሉ ድካም ከእነሱ ጋር ያበቃል። ወረቀቱ ያስፈለገው ለልጅቷና ለኤዶ የልጅ ልጆች ነው። በጎሳ ሽማግሌ ፊት የሚሰጥ ቃል ክብሩ እንደተጠበቀ ነው፤ ሽማግሌዎቹም መጥተው መርቀዋል፤ በማግሥቱ ደግሞ ውሉ ተጽፎ ጸደቀ። ኤዶ በጣት አሻራቸው ከመፈረማቸው በፊት በሶማሊኛ ሁለት ጊዜ አስነበቡት፤ አንድ አንቀጽም አስጨመሩ፦ ድርቅ በሆነ ዓመት አርብቶ አደሮቹ የወሰዱት ቀብድ በክረምት እንጂ በበጋ እንዳይጠየቁ። ይህን ማንኛችንም አላሰብነውም ነበር።

መንገዱን ለሚያስቡ ወገኖች የማውቀውን ልናገር። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርዱን ማለቴ ነው፣ ካወጣ ያለ ቪዛና ያለ ሥራ ፈቃድ መግባትና መሥራት፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠርና ቤት በስሙ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ንብረትን በአጎት ልጅ ስም የማስመዝገብ ግዴታ የለም። ውክልና የሚሰጥም ለተወሰነ ሥራ ብቻ ይስጥ። ወለድ የማይፈልግም ዛሬ አማራጭ አለው፤ ዘምዘምን የመሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ናቸው።

ሥራው አልጋ በአልጋ አልሆነም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የጓደኛዬ ዶላር በብር በዛ፤ ከውጭ የሚመጣው የማቀዝቀዣ መለዋወጫ ዋጋም አብሮት ሰማይ ወጣ። መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተሩ ነዳጅ ትርፉን ይበላል። ቢሆንም የሚደፋው ወተት በጣም ቀንሷል፤ ቀይና አረንጓዴ ጨርቅ የሚያስሩት ሴቶችም ክፍያቸውን በስልካቸው ይቀበላሉ። ሒሳቡን በደብተር የምትይዘው የኤዶ የልጅ ልጅ ናት። በየወሩ መጨረሻ ገጹን ፎቶ አንስታ ትልካለች፤ ሚኒያፖሊስ ያለችው ልጅ ደግሞ በኮምፒውተር ታስገባዋለች። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። አንዷ እንግሊዝኛዋን፣ ሌላዋ ሶማሊኛዋን እያሻሻለች በስልክ ስለ ሊትርና ስለ ብር ይከራከራሉ። ባለፈው ወር የሁለቱ ድምር አልገጠመም፤ ሲፈተሽ ትክክለኛዋ የጅግጅጋዋ ሆና ተገኘች። በመጪው ክረምት ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትሄዳለች፤ ትኬቱ ተቆርጧል፤ ማደሪያዋም ኤዶ ዘንድ ነው።