በበልግ ከደሴ ጋሸና በሞተር ሳይክል፦ እስካሁን ያደረግሁት ዝግጅት

በመጪው ሚያዝያ ከደሴ ተነሥቼ በኩታበር በኩል የበሽሎን ወንዝ ለመሻገር፣ በደላንታዋ ከተማ በወገል ጤና አድርጌ ጋሸና ለመውጣትና በወልድያ ዞሬ ለመመለስ ካቀድሁ ወዲህ፣ ኪሎ ሜትር ከመቁጠር ይልቅ ከፍታንና ሰዓትን ማስላት ዋና ሥራዬ ሆኗል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጋሸና ደግሞ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ልዩነቱን ሊንቀው ይችላል። ነገር ግን መንገዱ ወደ በሽሎ ሸለቆ ወርዶ ወደ ደላንታ ደጋ እንደገና ስለሚወጣ፣ በአንድ ቀን የቆላውን ሙቀትም የደጋውን ብርድም መቅመስ አይቀርም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ደላንታንና በሽሎን እንዳቋረጡ ሳስብ፣ በሞተር ስለ ዳገት ማማረሬን እተዋለሁ።

በወሎ ደጋ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የሚዘንብ ሲሆን፣ እንደ ክረምቱ ቀኑን ሙሉ ባይጥልም ድንገተኛ ነው። ጠዋት ጉም ይተኛል፤ ረፋዱ ይጠራል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ደመናው ተሰብስቦ በረዶ ቀላቅሎ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ጉሙ እንደተነሣ ለመውጣትና ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ወገል ጤና ለመግባት ወስኛለሁ። የደላንታ ሜዳ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ ዝናብ የነካው ዋልካ በጭቃ መከላከያውና በጎማው መካከል እየታጨቀ ጎማውን ጨርሶ እንዳይዞር ያደርገዋል። ለዚህም የፊት ጭቃ መከላከያዬን ከፍ አድርጌ አሳስሬያለሁ፤ ጭቃውን ለመፈልፈልም ጫፉ የደነደነ አጭር እንጨት ከኮርቻው ጎን ይታሰራል።

ስለ ሞተሩ ብዙ የተከራከርንበት ጉዳይ ነዳጅንና አየርን የሚቀላቅለው የካርቡራተሩ ነው። በ3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ነዳጁ ከአየሩ በልጦ ጉልበት ይቀንሳል፤ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላም ጥላሸት ይለብሳል። አንዳንድ ጓደኞች ለደጋው እንዲስማማ ካርቡራተሩ የሚሰጠውን ነዳጅ ቀንሰህ ውጣ ይሉኛል። እኔ ግን አልተቀበልሁትም፤ ለጋሸና ከፍታ ነዳጁ የተቀነሰ ሞተር በሽሎ ሲወርድ አየሩ ስለሚበዛበት ከልክ በላይ ይግላልና። ደሴ ላይ የተስተካከለ ሞተር ለመካከለኛው ከፍታ የተስተካከለ ስለሆነ፣ ፊልትሮውን አጽድቼ፣ ትርፍ ካንዴላ ይዤ፣ ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ በትዕግሥት መውጣትን መርጫለሁ።

ከመውጣቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ መውረዱ ነው። ለልምምድ የመረጥሁት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ነው፤ 600 ሜትር ያህል ቁልቁለት፣ ተሳቢ መኪናና ጉም በአንድነት የሚገኙበት ቦታ ከደጃችን እያለ ሌላ መፈለግ አያሻም። እዚያ የያዝሁት ልማድ ከመታጠፊያው በፊት ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግና ፍሬኑን ለአጭር ጊዜ ጠበቅ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ግሎ መያዙን ይተዋልና። ተሳቢ ከታች ሲመጣ የኋላው አካል መታጠፊያውን ስለሚያጠብብ፣ ጥሩምባ ነፍቶ ከኩርባው በፊት ቆሞ ማሳለፍ ይሻላል።

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል፤ በሚሮጥ ሞተር ላይ ደግሞ ነፋሱ ይጨመርበታል። ቀድሞ የሚደነዝዘው ጣት ነው፤ የደነዘዘ ጣት ማርሽ ሲቀየር የሚጨበጠውን ፍሪሲዮን በወጉ አይዝም። ከቆዳ ጓንቴ በታች ስስ የሱፍ ጓንት፣ ከካልሲዬ በላይ ደግሞ ፌስታል አደርጋለሁ፤ ፌስታሉ መልክ ባይኖረውም እግርን ከዝናብ ያድናል። ለስንቅ በሶ ይበቃል፤ ጉዞው ሁዳዴ ላይ ቢውልም አያስቸግርም።

የጉዞውን አቅጣጫ የወሰንሁት በድካም ስሌት ነው። ጠጠርና አፈር የሚበዛበትን የደላንታን ወገን ጉልበት ሳለኝ በመጀመሪያ እወጣዋለሁ፤ ከጋሸና ወደ ወልድያ፣ ከዚያም 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የወልድያና የደሴ አስፋልት ለመመለሻ ይቆያል። ነዳጅን በተመለከተ ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ ብዙ ስለሚበላ፣ በሜዳ ከለመድሁት ሲሶ ያህል ጨምሬ በጀሪካን እይዛለሁ። የቀረኝ ከመነሣቴ በፊት ባለው ቀን መናኸሪያ ወርጄ ከወገል ጤና የገቡ ሹፌሮችን መንገዱ ክፍት መሆኑንና የበሽሎ ቁልቁለት ናዳ እንዳልወረደበት መጠየቅ ነው።