የሰፈራችንን የመንገድ ወጪ እንዴት ተከፋፈልነው

አዲስ አበባ ካራ አካባቢ ክረምቱን ያሳለፈ ሰው የውስጥ ለውስጥ መንገዳችን ለምን መሠራት እንደነበረበት አይጠይቀኝም። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ቦይ አድርጎት ነበር፤ ሕመምተኛ እንኳ በሰው ሸክም ነበር አስፋልት የሚደርሰው። ስለዚህ ነዋሪው ድርሻውን ካዋጣ ከተማው ቀሪውን ሸፍኖ ጌጠኛ ድንጋይ ይነጠፋል ሲባል የተቃወመ አልነበረም። ክርክሩ የተነሣው «ማን ስንት ያዋጣ?» በሚለው ላይ ነው። የኮሚቴው ሒሳብ ያዥ ስለነበርኩ ክፍፍሉን የማዘጋጀቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ።

አብዛኛው ሰው «እንደ ዕድሩ ሁሉም እኩል ያዋጣ» አለ። በመንገዱ መግቢያ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ግን ተነሥተው፣ «ልጄ፣ የእኔ በር አስፋልቱ ጥግ ነው። ከቤቴ ወዲያ ያለውን መንገድ የምረግጠው ለቅሶ ሲኖር ብቻ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ጎረቤታችን ደግሞ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጠቀምበታል፤ ነገር ግን ጠባብ ቦታ ላይ የሠራት ቤት እንጂ ሰፊ ግቢ የለውም። እርሱንም ከትልልቆቹ ግቢዎች እኩል አስከፍሎ «ፍትሕ ነው» ማለት ይከብዳል።

ሐሳብ ከማቅረቤ በፊት ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንደሚፈታው አነበብኩ። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የመንገድ ወጪ ለባለንብረቶች የሚደለደለው ይዞታው ከመንገዱ ጋር በሚዋሰንበት ርዝመት ልክ ነው። ይህም ገደብ አለው። በ1898 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኖርዉድን ጉዳይ አይቶ ነበር። ኖርዉድ በኦሃዮ ያለች ከተማ ናት። አንዲት ሴት መሬት መሐል መንገድ ሲከፈት 2,000 ዶላር ካሣ ተወሰነላት፤ የከተማዋ አስተዳደር ግን ያንኑ ገንዘብ ከነወጪው በቀሪው ይዞታዋ ላይ መልሶ ጣለባት። ፍርድ ቤቱ ክፍያው ባለንብረቷ ከመንገዱ ካገኘችው ልዩ ጥቅም በእጅጉ ከበለጠ ንብረትን ያለ ካሣ እንደመውሰድ ይቆጠራል አለ። ኮሎምቢያ ደግሞ የሕዝብ ግንባታ ሥራ በሚያስገኘው የንብረት ዋጋ ጭማሪ ላይ የተመሠረተ መዋጮ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ አላት። የጀርመኗ ባቫሪያ በተቃራኒው በነዋሪዎች ቅሬታ ምክንያት የመንገድ ማሻሻያ መዋጮን በ2018 እ.ኤ.አ. አስቀርታለች። ይህን ሁሉ ሳነብ የተረዳሁት መለኪያው የሚገኘው ጥቅም መሆኑን፣ ጥቅምን በአንድ ሜትር ብቻ መለካት ደግሞ እንደማይቻል ነው።

ያቀረብኩት ቅይጥ ስሌት ነበር፤ የድርሻችን ግማሽ በየቤቱ እኩል፣ ግማሹ በመንገድ ዳር ርዝመት። ለስብሰባው በምሳሌ አስረዳሁ። የሚዋጣው 1,200,000 ብር፣ ቤቶቹ 30፣ መንገዱን የሚያዋስነው አጥር ጠቅላላ ርዝመት 500 ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ቤት በመጀመሪያ 20,000 ብር ይከፍላል። በተጨማሪም በሜትር 1,200 ብር ይታሰባል። የአጥሩ ርዝመት 10 ሜትር የሆነ ሰው 32,000፣ 25 ሜትር የሆነ ደግሞ 50,000 ብር ይደርሰዋል። በእኩል ቢሆን ሁለቱም 40,000፣ በሜትር ብቻ ቢሆን 24,000 እና 60,000 ብር ይሆን ነበር። ቁጥሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሰፍር ጩኸቱ በረደ። በራቸው በሌላ መንገድ ሆኖ የጎን አጥራቸው ብቻ እኛን ለሚያዋስን የማዕዘን ቤቶች የአጥሩ ግማሽ ርዝመት ብቻ እንዲታሰብ ተስማማን፤ እኒያ እናትም ከእነዚህ አንዷ ነበሩ።

ርዝመቱን የለካነው ባለቤቱ ራሱ የሜትሩን አንድ ጫፍ ይዞ ነው። ይህን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሰው በገዛ እጁ በለካው ነገር በኋላ አይከራከርም። ከካርታው ጋር ማመሳከርም ያስፈልጋል፤ አጥርና ካርታ የማይገጥሙበት ቤት አይጠፋምና። ልዩነት ሲገኝ ለመዋጮው ብቻ አጥሩን እንደምንይዝ፣ የይዞታ ክርክር ውስጥ እንደማንገባም በቃለ ጉባኤ አሰፈርን።

«የቦታ ኪራይና የጣሪያና ግድግዳ ግብር እየከፈልን ለምን ደግሞ ሌላ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ማንም በቁጣ ሊመልሰው አይገባም። በአዋጅ ቁጥር 80/1968 መሠረት እንከፍለው የነበረው ያ ገንዘብ ወደ አስተዳደሩ ጠቅላላ ገቢ ይገባ ነበር እንጂ ለአንድ ሰፈር መንገድ ተለይቶ አይቀመጥም ነበር። የእኛ መዋጮ ግን በሰፈሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ በሦስት ፊርማ የሚንቀሳቀስ፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚውል ነበር። የገባውና የወጣው በየወሩ በዕድሩ ድንኳን ማስቀመጫ በር ላይ ይለጠፍ ነበር። ተከራዮችን አላስከፈልንም፤ የቤቱ ዋጋ ሲጨምር የሚጠቀመው ባለቤቱ ነውና። ጡረተኞችና አቅም ያነሳቸው በየወሩ ከፋፍለው ከፈሉ። ውጭ አገር ያሉ ባለቤቶች በወኪሎቻቸው በኩል ገቢ አደረጉ፤ የዘገየው ክፍያ በአብዛኛው የእነርሱ ነበር።

ከገንዘቡ በላይ ያስጨነቀኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ድንጋዩ ሳይነጠፍ የውኃ መስመር መቀየር ያለበት ቤት ሁሉ አስቀድሞ እንዲቀይር ለመንን፤ ገረጋንቲው (ከድንጋዩ ሥር የሚደለደለው ጠጠርማ አፈር) ከመደልደሉ በፊትም የጎርፍ ቦዩ እንዲያልቅ አደረግን። ውኃ ከሥሩ ከገባ አሸዋው ይታጠባል፣ ድንጋዩም ይሰምጣል። ጠርዙን የሚይዘው ድንጋይ በሚገባ ካልተተከለም ንጣፉ ወደ ጎን ይከፈታል፤ ስለዚህ ከኮሚቴው አንድ ሰው ሁልጊዜ ሥራው ላይ ይቆም ነበር።

ሥራው ሲጠናቀቅ የተረፈው ገንዘብ ለጥገና በዚያው ሒሳብ ውስጥ ቀረ። አሁን መንገዱን ቆፍሮ ቧንቧ ማስገባት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መያዣ ገንዘብ ያስገባል። ድንጋዮቹን እየቆጠረ ያነሣል፣ አፈሩን ጠቅጥቆ አሸዋውን ይመልሳል፤ ኮሚቴው አይቶ ሲፈርምለት መያዣውን ይወስዳል።