ሶማያው ውስጥ የገባ ስም

ከቀትር ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። ነገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ያ የለፋሁበት ጽሑፍ ዛሬ በሌላ ሰው ስም ወጣ። ትንፍሽ አላልኩም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን ከፍቼ የጥንት የጃፓን ጦሮችን ፎቶግራፍ ሳይ አመሸሁ። ሰው ሲከፋው የሚገባበት አይታወቅም።

ጦራቸውን ያሪ ይሉታል። የእኛ ጦር ሶማያው፣ ማለትም እንጨቱ፣ ብረቱ ውስጥ ይሰካል፤ ያሪ አብዛኛውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ብረቱ ረጅም ጅራት አለው፤ አንዳንዴ ከስለቱም ይረዝማል። እሱ ሶማያው ውስጥ ጠልቆ ይገባና በቀርከሃ ቁራጭ ይቸነከራል። አንጥረኛው ስሙን በመሮ የሚቀርጸው እዚያ፣ ጅራቱ ላይ ነው! ጦሩን የሚይዘውም የሚወጋበትም አያየውም። ስለቱ እንደ መስታወት ሲወለወል የጅራቱን ጥቁር ዝገት ግን ማንም አይነካውም፤ ዕድሜው የሚገመተው በእሱም ነው። አንዱን ፎቶግራፍ አጉልቼ አየሁት፤ የመሮው ምት ጫፉ ላይ ሰፋ ብሎ፣ ዝገቱ ጠርዙን በልቶት፣ አሁንም ይነበባል።

ሥራው ደግሞ ቀልድ አይደለም። ስለቱን በጭቃ ይለብጡታል፤ ጠርዙ ላይ ሳሳ፣ መሃሉ ላይ ወፈር አድርገው። ከዚያ አግለው ውኃ ውስጥ ይነክሩታል። ጠርዙ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፤ መሃሉ ለስለስ ብሎ ይቀራል። ያሪ በሁለት በኩል ስለት ስላለው ሁለቱ ጎኖች እኩል ካልቀዘቀዙ ይጣመማል፤ የስንት ቀን ድካም በአፍታ ገደል ይገባል። መስቀል ቅርጽ ያለውን ያሪ ስለት የሚስለው ሰውማ ያሳዝነኛል፤ ማዕዘኖቹ ውስጥ ድንጋዩን እንዴት እንደሚያስገባው እንጃ።

ከሁሉ ዝነኛው ቶምቦኪሪ ነው። የውኃ ተርብ ስለቱ ላይ ብታርፍ ለሁለት ተከፈለች ይባላል። ስለቱ 43.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የያዘው ሆንዳ ታዳካትሱ የሚባል የጦር አለቃ ነበር። ጅራቱ ላይ «ፉጂዋራ ማሳዛኔ ሠራው» የሚል ተቀርጿል።

ማሳዛኔ ብቻውን ነው የሠራው? እዚያ አገር አንጥረኛው ብረቱን በጉጠት ይይዛል፤ ትልቁን መዶሻ የሚያነሱት ረዳቶቹ ናቸው። ጭቃውን ማን አቦካው? ሶማያውን ማን ላገው? የእነሱን ስም የቀረጸላቸው የለም። ቅር ብሏቸው ይሆን? ወይስ ራታቸውን በልተው ተኙ?

ሊነጋ ነው። ከሞቱ ብዙ መቶ ዓመት ለሆናቸው የጃፓን መዶሻ መቺዎች ጥብቅና ቆሜ አድሬያለሁ፤ ውክልናውን ማን እንደሰጠኝ እንጃ።