ሀንጋሪኛን በእንግሊዝኛ አትማሩት

በሀንጋሪ መንግስት ስኮላርሺፕ ዴብሬጼን የምትባል ከተማ ነው የተማርኩት (ስሙን መጀመሪያ ስሰማ የኛ አገር ደብር ነበር የመሰለኝ)። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋው ምን ያደርግልኛል ብዬ ሄድኩ። ዳቦ የምትሸጠው ሴትዮ እንግሊዝኛ አትችልም፣ አከራዬም አይችልም፣ ወረቀት የሚያስጨርሱት ቢሮዎችማ ተዉት።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስላችሁ። ፊደሉ 44 ነው ሲሏችሁ አትደንግጡ፣ እንደተጻፈ ነው የሚነበበው። ፆታ የለውም፣ እሱም እሷም አንድ ቃል ናቸው። ከቁጥር በኋላ "ዎች" የለም፣ እኛ ሁለት ቡና እንደምንለው እነሱም "ኬት ካቬ" ነው የሚሉት። ቡዳፔስት ላይ ለማለት "ቡዳፔሽቴን"፣ ዴብሬጼን ላይ ለማለት ግን "ዴብሬጼንቤን"፣ ለምን እንዳትሉ፣ ሸምድዱት።

እኔን ጉድ የሰራኝ የቃላት ቅደም ተከተል ነው። የያዝኩት መጽሐፍ "ቅደም ተከተሉ ነፃ ነው" ይላል፣ አስተማሪዋም ዝም ብለህ ተናገር ይገባቸዋል ትለኝ ነበር። እኔም አመንኩና በእንግሊዝኛ እያሰብኩ፣ "እኔ" የምትለዋን ቃል በየአረፍተ ነገሩ እየሰነቀርኩ መናገር ጀመርኩ።

ከዛ የመኖሪያ ፈቃድ ላሳድስ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የቤት ኪራይ ውሉ ሁለት ገጽ ነው፣ የመጀመሪያው ላይ ፈርሜያለሁ ሁለተኛውን ግን ረስቼዋለሁ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ሁለቱንም ወደኔ ገፋ አድርጋ "አላኢርታ?" አለችኝ፣ ፈርመዋል? ማለቷ ነው። እኔ ሁለተኛውን እያየሁ አልፈረምኩም ልል ፈልጌ በኩራት "ኔም ኤን ኢርታም አላ" አልኩ። ሴትዮዋ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን ፊርማ አየች፣ እኔን አየች፣ ፊርማውን ደግማ አየች። "አኮር ኪ?" አለች። ታዲያ ማን? እኔ ምን እንደምትጠይቀኝ ሳይገባኝ የማውቃትን አንዲት መልስ ሰጠሁ፣ "ኔም ቱዶም"፣ አላውቅም!

ለካ ያልኩት "የፈረምኩት እኔ አይደለሁም" ነው። በራሴ ውል ላይ ማን እንደፈረመ አላውቅም ያልኩት ራሴ ነኝ። ወረቀቴን ሰብስባ መለሰችልኝና አከራይህን ይዘህ ና አለችኝ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ። እስክሪብቶ ሰጥታኝ እዛው ብፈርም በአስር ሰከንድ ያልቅ ነበር፣ እስካሁን ያበሽቀኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። "አላኢርታም" ፈረምኩ ነው። "ኔም" ማለት አይደለም ነው ግን የሚክደው ከኋላው የተጠጋውን ነገር ነው። ግሱ ከተከተለው ድርጊቱን ይክዳል፣ "ኔም ኢርታም አላ" አልፈረምኩም ("አላ" የምትለዋ ቅጥያ ተነቅላ ወደ ኋላ እንደሄደች ልብ በሉ)። "ኤን" ማለትም እኔ ከተከተለው ግን እኔን ይክዳል። ከግሱ ፊት ለፊት ያለችው ቦታ የትኩረት ወንበር ናት፣ እዛ የተቀመጠ ሁሉ "እሱ ነው እንጂ ሌላ አይደለም" ይባልለታል፣ ስለዚህ "ኤን ኢርታም አላ" ብትሉ "የፈረምኩት እኔ ነኝ" ነው። ነፃ ነው ያለው መጽሐፍ ይቅር አይበለው።

የሚያናድደኝ ይሄ ሁሉ አማርኛ ላይ አለ። ፈረምኩ እና የፈረምኩት እኔ ነኝ አንድ አይደሉም፣ ይሄን ሕፃን ልጅ ያውቃል። "ላቶክ ኤጅ ሃዛት" አንድ ቤት አያለሁ፣ "ላቶም አ ሃዛት" ቤቱን አየዋለሁ፤ እዩት፣ ነገሩ ተለይቶ ሲታወቅ ግሱ ይለወጣል፣ ልክ እንደኛ "ዋ"። "ሃዛት" መጨረሻ ላይ ያለችው "ት" ደግሞ የኛ "ን" ናት። "ሴሬትሌክ" በአንድ ቃል እወድሻለሁ። እንግሊዝኛ ሦስት ቃል የሚፈጅበትን ማለት ነው። "ኒንች ፔንዜም" ገንዘብ የለኝም፣ እንደ እንግሊዝኛው "ሃቭ" ዓይነት ግስ ፍለጋ አትሂዱ፣ እነሱም እንደኛ "አለ" እና "የለም" ብቻ ነው ያላቸው። እኔ ግን ወር ሙሉ የእንግሊዝኛ ሰንጠረዥ ስሸመድድ ነበር፣ ምን ዓይነት ድንቁርና ነው።

አከራዬ አብሮኝ መጣ፣ ፈረምኩ፣ አለቀ። ሰውየው ታሪኩን ከመስኮቷ ሴትዮ ሰምቶ ኖሮ ኪራይ ልከፍል በሄድኩ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ያለውን ፊርማ በጣቱ እየነካ "አኮር ኪ?" ይለኛል።